ምዕራፍ 6፦ ትከሻው ልክ ከሆነ

ለስብሰባ፣ ለሥልጠና ወይም ለድርድር ወደ ውጭ አገር የሚጠራ ሠራተኛ የሚደርሰው ደብዳቤ ስለ ቪዛው፣ ስለ ሆቴሉና ስለ ውሎ አበሉ በዝርዝር ይነግረዋል። ስለ ልብስ ግን ብዙውን ጊዜ ከአንድ መስመር አያልፍም፦ «አለባበስ፦ ቢዝነስ ካዥዋል»። ይህች መስመር ጉዞው ሲቃረብ ብዙ ሰው ታስጨንቃለች፤ ብዙ ገንዘብም ታስወጣለች። አንዱ ከሰው በታች ላለመሆን ብሎ አዲስ ሙሉ ሱፍ ከነከረባቱ ይገዛል። ሌላው «ካዥዋል» የምትለዋን ብቻ ይዞ ጂንስና ስኒከር ሻንጣው ውስጥ ይከታል። ስብሰባው ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያው ከተጠየቀው በላይ ለብሷል፣ ሁለተኛው የጠሩትን ሰዎች የናቀ ይመስላል። ሁለቱም ቀኑን ሙሉ ስለ ልብሳቸው ሲያስቡ ይውላሉ፤ የሄዱበት ጉዳይ ግን ሙሉ ሐሳባቸውን የሚፈልግ ነበር።

በዚህ ምዕራፍ አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር ነው። ልብስ የሚያምርብን በዋጋው፣ በብራንዱ ወይም በአዲስነቱ ሳይሆን በልኩ ነው። ለጉዞው ከመደቡት ገንዘብ ከሱቁ ድርሻ ቀንሰው ለልብስ ሰፊዎ ቢጨምሩ፣ ያለዎት ልብስ ራሱ ብዙ ርቀት ያስኬድዎታል።

በመጀመሪያ ግን «ቢዝነስ ካዥዋል» የሚባለው የአለባበስ ደንብ ከየት መጣ? መነሻው ሞቃታማ ደሴቶች ናቸው። በሃዋይ የሚገኙ ልብስ አምራቾች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የመንግሥትና የባንክ ሠራተኞች በዚያ ሙቀት ከኮትና ከከረባት ጋር ከሚታገሉ በአበባ ያጌጠውን የአገሩን ሸሚዝ ለብሰው ሥራ እንዲገቡ ዘመቻ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1966 «አሎሃ ፍራይዴይ» የሚባለው የዓርብ ልማድ ሥር ያዘ፤ ቀስ በቀስም ወደ ዋናው የአሜሪካ ምድር ተሻገረ። የቢሮ ኃላፊዎች ግን ተቸገሩ፤ ከረባቱ ከወለቀ በኋላ ድንበሩ የቱ ጋ እንደሆነ አያውቁም ነበር። ድንበሩን ያሰመረላቸው ነጋዴ ነው። ዶከርስ የተባለውን የጥጥ ሱሪ ይሸጥ የነበረው ሌቪ ስትራውስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1992 ስምንት ገጽ ያላት የአለባበስ መመሪያ አሳትሞ ለ25,000 የሰው ኃይል ኃላፊዎች ላከ። በመመሪያዋ ፎቶግራፎች ላይ የታዩት ሰዎች የለበሱት የኩባንያውን ሱሪ ነበር። ዛሬ በዓለም ቢሮዎች የምናየው ካኪ ሱሪና ባለ ኮሌታ ሸሚዝ ትልቅ ጉልበት ያገኘው ከዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ወደ ሙቀትና ወደ ኤሌክትሪክ ፍጆታ ዞረ። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2005 «ኩል ቢዝ» በሚል ስም የመንግሥት ቢሮዎች በበጋ የአየር ማቀዝቀዣቸውን 28 ዲግሪ ላይ አድርገው ሠራተኞቹ ያለ ኮትና ከረባት እንዲሠሩ ፈቀደች። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጁኒቺሮ ኮይዙሚ ራሳቸው ያለ ከረባት በአደባባይ ታዩ። እ.ኤ.አ. በ2008 የዚያን ጊዜው ዋና ጸሐፊ ባን ኪ ሙን ይህንኑ ሐሳብ ኒው ዮርክ ወደሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት ዋና መሥሪያ ቤት ወሰዱት። በአለባበስ ጥብቅነቱ የታወቀው ጎልድማን ሳክስ ባንክ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2019 ደንቡን አላላ።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ለአንድ ተግባራዊ ነገር ነው፤ ደንቡ የተወለደው ከሙሉ ሱፍ ላይ በመቀነስ ነው። ስለዚህ ሲዘጋጁም ከላይ ወደ ታች ይቀንሱ። ከረባቱን ያውጡ፤ ኮቱና ሱሪው አንድ ዓይነት ጨርቅ መሆናቸው ይቅር፤ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ወይም ንጹሕ ቀጭን ሹራብ ይቆይ፤ የቆዳ ጫማው ይቆይ። ለሴትም መንገዱ ያው ነው፦ ኮት፣ ከሥሩ ሸሚዝ ወይም ያልተወሳሰበ ከላይ የሚለበስ፣ ሱሪ ወይም ጉልበት የሚሸፍን ጉርድ። ከጂንስ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚጨምር ሰው ግን የት ማቆም እንዳለበት አያውቅም። ሲጠራጠሩ ኮት ይያዙ። የለበሱትን ኮት አውልቆ ወንበር ላይ መስቀል ይቻላል፤ ያልያዙትን ግን ከየትም አያመጡትም።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ። ኮት ሲለኩ መጀመሪያ የሚታየው ትከሻ ነው። እጅጌው ከትከሻው ጋር የሚገናኝበት ስፌት የራስዎ የትከሻ አጥንት የሚያልቅበት ቦታ ላይ ማረፍ አለበት። አልፎ ከወረደ የኮቱ ትከሻ ወደ ክንድ ይንጠለጠላል፤ ከስፌቱ በታች ትንሽ ጉድጓድ ይሠራል፤ ሰውየውም የታላቅ ወንድሙን ልብስ የለበሰ ይመስላል። ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ እጅጌው ክንድ ላይ ይወጠራል። ለማረጋገጥ በጎንዎ ከግድግዳ አጠገብ ይቁሙና ቀስ ብለው ወደ ግድግዳው ይጠጉ። ክንድዎ ሳይነካ የኮቱ የትከሻ ስፖንጅ ቀድሞ ግድግዳውን ከነካ ኮቱ ሰፊ ነው። ይህን ቀላል ፈተና የማያልፍ ኮት ምንም ያህል ቢረክስ፣ ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ ይተዉት። ልብስ ሰፊ ወገብ ያጠባል፣ እጅጌ ያሳጥራል፣ ሱሪ ይቀመቅማል፤ ትከሻ ግን ኮቱን አፍርሶ እንደ አዲስ መስፋት ስለሚጠይቅ በዋጋውም በውጤቱም አያዋጣም።

እኛ ዘንድ ሰፊ ልብስ የመግዛት ልማድ አለ። ምክንያቱ ይገባኛል። ልብስ ውድ ነው፤ ሰው ይወፍራል፤ ልብሱ ለዓመታት መቆየት አለበት፤ ሲሰፋ ደግሞ ምቾት ያለው ይመስላል። ነገር ግን ሰፊ ልብስ ወፍራሙን ሰው አይደብቀውም፣ ይጨምርበታል፤ ቀጭኑን ሰው አያጎላውም፣ ይውጠዋል። ዓይን ከልብሱ ሥር ያለውን አካል ስለማያይ የሚገምተው በጨርቁ ዳርቻ ነው። ከትከሻ ወደ ወገብ ትንሽ ጠበብ የሚል መስመር ካለ፣ የትኛውም ዓይነት ሰውነት ሥርዓት ያለው ሆኖ ይታያል። ጠበብ ይበል ስል ይጣበቅ ማለቴ አይደለም። የኮቱን ቁልፍ ሲቆልፉ ከቁልፉ ዙሪያ ጨርቁ በአራት አቅጣጫ ተወጥሮ መስቀል ከሠራ ጠቧል ማለት ነው። ቁልፉ እንደተቆለፈ እጅዎን ሆድዎ ላይ ዘርግተው በቀላሉ ማስገባት ከቻሉ ልክ ነው። ሸሚዝ ሲሆን አንገቱ ላይ ተቆልፎ ሁለት ጣት ያስገባ። የኮቱ እጅጌ የእጅ አንጓ ላይ ያብቃ፤ ከሥሩ የሸሚዙ ጫፍ አንድ ሳንቲሜትር ገደማ ይታይ። ሱሪው ጫማው ላይ አንዴ ለስለስ ብሎ ይረፍ እንጂ ተቆልሎ አይተኛ።

ለሴት ኮት ሁለት ተጨማሪ ነገሮች አሉ። አንደኛው ደረት ላይ በሁለት ቁልፎች መካከል የሚከፈተው ክፍተት ነው። መስተዋት ፊት ቀጥ ብሎ በመቆም ብቻ አይታይም፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ክንድዎን እንደሚጽፍ ሰው ወደ ፊት ዘርግተው ይዩት። ከተከፈተ ለደረቱ የሚበቃ መጠን ይግዙና ወገቡን ያስጠብቡ፤ በተቃራኒው በወገብ መግዛት አይሠራም። ሁለተኛው የኮቱ ርዝመት ነው። ዳሌ ሰፋ የሚልበት ቦታ ላይ በትክክል የሚያልቅ ኮት እዚያው ላይ አግድም መስመር ያሰምራል፤ ትንሽ ከፍ ብሎ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢያልቅ ግን መስመሩ ይጠፋል። ሁለትና ሦስት ሳንቲሜትር የሚፈጥረው ልዩነት ከብዙ ጌጣጌጥ ይበልጣል።

አዲስ ኮት ገዝተው ሲያመጡ መቀስ ይያዙ። በእጅጌው ጫፍ ላይ ከውጭ የተሰፋችውን የፋብሪካ ጨርቅ ይፍቱ፤ ለሻጩ መለያ እንጂ ለለባሹ ጌጥ ተብላ አልተሰፋችም። ከኋላ የኮቱ ስንጥቅ ላይ በነጭ ወይም በሌላ ክር የተሠራችው መስቀልም ኮቱ በጉዞ እንዳይጨማደድ ተብላ የገባች ናት፤ ትበጠስ። የተሰፉ ኪሶችም እንዲሁ ቢፈልጉ ይከፈታሉ፤ ምንም የማይከቱባቸው ከሆነ ግን እንደተሰፉ ቢቀሩ ኮቱ ቅርጹን ይጠብቃል። ብዙ የተከበሩ ሰዎች ይህቺን የእጅጌ ጨርቅ ለብሰው ዓለም አቀፍ መድረክ ላይ ሲቆሙ አያለሁ፤ አጠገባቸው ያለ ሰው ቀድሞ ቢነግራቸው ምነኛ ጥሩ ነበር።

ስለ ቀለምና ስለ መስመር ብዙ ይነገራል፤ ከሚነገረው ውስጥ ግን የተሳሳተም አለ። «አግድም መስመር ያወፍራል፣ ቁልቁል መስመር ያቀጥናል» የሚለውን ያልሰማ የለም። ጀርመናዊው የፊዚክስና የፊዚዮሎጂ ሊቅ ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ዕይታ በጻፈው ሥራ ተቃራኒውን አስተውሏል። እኩል የሆኑ ሁለት ካሬዎች ወስደው አንዱን በአግድም፣ ሌላውን በቁልቁል መስመር ቢሞሏቸው፣ ባለ አግድም መስመሩ ረዘምና ጠበብ ያለ ሆኖ ይታያል። በእንግሊዝ የዮርክ ዩኒቨርሲቲው ፒተር ቶምፕሰን ከባልደረባው ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት ይህንኑ በለበሱ ሰዎች ምስል ላይ ፈትኖታል፤ ባለ አግድም መስመር ልብስ ሰውን እንደማያወፍርም አሳይቷል። ስለዚህ ስለ መስመር አቅጣጫ አይጨነቁ። ይልቅ የሚያሳጥረው ወገብ ላይ የሚፈጠረው ድንገተኛ የቀለም ለውጥ ነው። ነጭ ሸሚዝ በጥቁር ሱሪ ሰውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ከላይ ጥቁር ሰማያዊ ኮት ሲደረብበት ግን ሰውነቱ እንደገና አንድ ይሆናል። ቁመቴ አጠረ የሚል ሰው የሱሪውንና የኮቱን ቀለም ያቀራርብ።

ለእኛ የቆዳ ቀለም ጥቁር ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ክሬም፣ ወይን ጠጅና ጥልቅ አረንጓዴ በጣም ይስማማሉ። ጥንቃቄ የሚፈልጉት ከቆዳችን ቀለም ጋር የሚቀራረቡት ቡናማና ቢጫማ ግራጫዎች ናቸው፤ ፊት አጠገብ ሲሆኑ ፊትን ያደበዝዛሉ። ሱሪ ላይ ግን ምንም አይሉም። ልብስ ሲመርጡ ከሱቁ ደጃፍ ወጣ ብለው በፀሐይ ብርሃን ይዩት። በሱቅ አምፖል ሥር አንድ ዓይነት ጥቁር የሚመስሉ ኮትና ሱሪ ውጭ ሲወጡ አንዱ ወደ ሰማያዊ፣ ሌላው ወደ ቡናማ ሊያደላ ይችላል፤ በተለያየ ቀለም የተነከሩ ጨርቆች በተለያየ ብርሃን ሥር መልካቸውን ይለውጣሉና።

ጨርቁስ? ለጉዞ ሱፍን የሚያክል የለም። የሱፍ ክር በተፈጥሮው የተጠማዘዘ ስለሆነ ተጨማዶ ሲለቀቅ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሆቴል ሲደርሱ ኮቱን ሰፊ መስቀያ ላይ አድርገው መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ የሙቅ ውኃ እንፋሎት ባለበት ቢሰቅሉት፣ ካውያ ሳይነካው ጠዋት ይስተካከላል። ሱፍ ከክብደቱ 30 በመቶ ገደማ የሚደርስ እርጥበት ይዞ እንኳ እጅ ላይ እርጥብ አይመስልም፤ ላብን የሚሸከመው ለዚህ ነው። ፖሊስተር እምብዛም አይጨማደድም፣ ይረክሳልም፤ ነገር ግን ላብ አይጠጣም፣ ሽታ ይይዛል፣ ጠንካራ መብራት ሲያርፍበትም ያብለጨልጫል። ሊነን ለዓይን ቆንጆ ነው፤ ታክሲ ውስጥ አንዴ ከተቀመጡበት በኋላ ግን ያለ ካውያ አይመለስም።

ገበያው ላይ «ሱፐር 120»፣ «ሱፐር 150» የሚል ጽሑፍ የተሰፋበት ኮት በብዛት አለ። ቁጥሩ የሱፉን ክር ቅጥነት ይናገራል እንጂ ጥንካሬውን አይናገርም፤ እንዲያውም ቁጥሩ ሲጨምር ጨርቁ እየሳሳ፣ ለጉዞ እየበዛበት ይሄዳል። ከዚያ ትልቅ ጽሑፍ ይልቅ በውስጥ ኪሱ ወይም በጎን ስፌቱ ላይ ያለችውን ትንሿን የአጣጠብ ምልክት ያንብቡ፤ ስንት በመቶ ሱፍ፣ ስንት በመቶ ፖሊስተር እንደሆነ እዚያ ይጻፋል። ምልክቱ ከሌለ ልብስ ሰፊዎ ከውስጥ ስፌቱ ትርፍ ጨርቅ አንድ ክር መዞ ክብሪት ይለኩስበት። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ በጣት ሲነካ የሚፈርስ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ይቀልጥና እንደ ጨሌ ድርቅ ያለች እንክብል ይሆናል። የሰልቫጅ ገበያ ውስጥ ደህና ሱፍ የሚለይ ዓይን ያለው ሰው በዚህ መንገድ ከአዲሱ የተሻለ ኮት በርካሽ ያገኛል፤ ትከሻው ልክ እስከሆነ ድረስ አላፍርበትም።

አንድ ጉዞ ወስደን እናስላው። በኅዳር ወር ጄኔቫ ውስጥ ለአምስት ቀን ስብሰባ የሚሄድ ሰው እናስብ። የቀኑ ሙቀት በአብዛኛው ከ10 ዲግሪ አያልፍም፤ «ቢዝ» የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ከሐይቁ ላይ ሲነሣ ደግሞ ብርዱ ከቁጥሩ በላይ ይሰማል። አዳራሾቹ ግን ይሞቃሉ። ስለዚህ አንድ ወፍራም ልብስ ከመያዝ የሚደረቡ ስስ ልብሶች ይሻላሉ። አንድ ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ኮት፣ አንድ ግራጫና አንድ ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ ወይም ጉርድ፣ አራት ሸሚዞች፣ ከኮቱ ሥር የሚገባ አንድ ቀጭን ሹራብ፣ ጉልበት የሚደርስ ካፖርትና ሻርፕ ይበቃሉ። ካፖርቱ ከኮቱ ማጠር የለበትም፤ ካጠረ የኮቱ ጫፍ ከሥሩ ይወጣና ሁለቱም ይበላሻሉ። ካፖርቱን በእጅዎ ይዘው አውሮፕላን ይሳፈሩ፤ የሻንጣ ቦታ ያተርፋሉ፣ ሌሊትም ብርድ ልብስ ይሆናል። የመጀመሪያውን ቀን ልብስ ሙሉውን በእጅ ሻንጣ ይያዙ፤ የተጫነ ሻንጣ አንዳንዴ ከባለቤቱ በኋላ ይደርሳል፣ ስብሰባው ግን አይጠብቅም።

ጫማ ላይ አጭር ልበል። ሰዓታት ተቀምጠው ሲበሩ እግር ያብጣል፤ አዲስ ጫማ ለመጀመሪያ ጊዜ በጉዞ ቀን አይደረግም። አንድ ጥቁር ወይም ቡናማ የቆዳ ጫማ፣ ሶሉ ጎማ የሆነ፣ እዚሁ ቢሮ ተደርጎ የለመደ። ቀበቶው ከጫማው ቀለም ጋር ይሂድ። ካልሲው ሲቀመጡ ባት የማያሳይ ይሁን። ከመሄድዎ በፊት ሊስትሮ ጋ ተቀምጠው በደንብ ያስጠርጉት።

መድረሻው ዱባይ ወይም ሪያድ ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል። ውጭው በበጋ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ውስጡ ግን በማቀዝቀዣ ብርድ ነው፤ ኮቱ የሚያስፈልገው ለውስጡ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የውጭ ሴት ጎብኚዎች ዓባያ እንዲለብሱ ባታስገድድም ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግን ደንብ ነው። ረጅም እጅጌ ያለው ስስ የጥጥ ሸሚዝና ሰፋ ያለ ሱሪ ለሙቀቱም ለደንቡም ይበቃል።

የአገር ልብሳችንንም አልረሳሁም። ለምሽት ግብዣ በሚላኩ የጥሪ ወረቀቶች ላይ ከሱፍ ጎን «ወይም የአገር ልብስ» የሚል ይጻፋል፤ ለእኛ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ የሠራው የሀበሻ ቀሚስ በዚያ አዳራሽ ውስጥ የትኛውንም ውድ ልብስ አያፍርም። ለሥራ ሰዓት ግን ሙሉው ቀሚስ ይበዛል፤ ላፕቶፕና ወረቀት ይዞ ሲሮጡ ነጩ ጥጥ ይቆሽሻል፣ ነጠላው ይወርዳል። ለቀኑ የምመርጠው ቀጭን ጥለት ያለው በእጅ የተሸመነ ስካርፍ በጥቁር ሰማያዊ ኮት ላይ ነው። ለሴትም ለወንድም ይሆናል፤ ከየት እንደመጡም ሳይጠየቁ ይናገራል።

ይህ ሁሉ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በመጨረሻው ቀን የተገዛ ልብስ እዚያው ይከዳል። ጉዞው ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሚለብሱትን ሸሚዝና ጫማ አድርገው፣ ኮቱንና ሱሪውን ይዘው ወደ ልብስ ሰፊው ይሂዱ። በጠመኔ ሲያሰምር፣ በስፒል ሲይዝ ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ ሆድዎን አይሳቡ። ልብሱ ሲመለስልዎ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ቢሮ ለብሰውት ይዋሉ፤ ደረጃ ይውጡ፣ ታክሲ ይሳፈሩ፣ ተቀምጠው ይጻፉ። ያን ቀን ኮቱን ለማስተካከል እጅዎ ካልተነሣ ሻንጣው ውስጥ ይክተቱት፤ ደጋግሞ ከተነሣ ግን ገና ጊዜ አለዎትና ወደ ልብስ ሰፊው ይመልሱት።